ኦፕን (የእንግሊዝኛ ቃል)

ኦፕን በእንግሊዝኛ እንደ ግስም እንደ ቅጽልም የሚያገለግል ቃል ነው። ግስ ሲሆን «ከፈተ» ወይም «ተከፈተ»፣ ቅጽል ሲሆን ደግሞ «ክፍት» ማለት ነው። አፍ መፍቻቸው ቻይንኛ የሆነ ተማሪዎች ቃሉን ከእንግሊዝኛ ትምህርታቸው መጀመሪያ አካባቢ ያገኙታል፤ አቻውም ካይ የሚለው የቻይንኛ ግስ እንደሆነ ይማራሉ። ፍቺው ትክክል ነው። ነገር ግን ካይ ከኦፕን ይልቅ እጅግ ሰፊ ቃል በመሆኑ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ በርና መስኮት ብቻ ሳይሆን መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ አንዳንዴም መኪና «ይከፍታል»። አብዛኛው እንዲህ ያለ ስህተት ሰሚውን ፈገግ አሰኝቶ ያልፋል። በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ግን ኦፕን ተማሪው ከሚያስበው ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ትርጉም ስላለው ልዩነቱ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የሁለቱ ቃላት መነሻ

ኦፕን ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ጀምሮ የነበረ ቃል ነው። የጀርመንኛው ኦፈን ዘመዱ ሲሆን፣ «ወደ ላይ» ከሚለው አፕ ጋር ሥር እንደሚጋራ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ። መሠረታዊ ሐሳቡ ቦታን ይመለከታል፤ የሚከለክለው ነገር ተነሥቶ መግባት፣ መውጣት ወይም ወደ ውስጥ ማየት ሲቻል ነገሩ ኦፕን ነው።

የካይም መነሻ በር ነው። በጥንታዊው አጻጻፍ ምልክቱ ባለ ሁለት መዝጊያ ትልቅ በር ያሳያል፤ በበሩ መካከል መቀርቀሪያውን የሚያነሡ ሁለት እጆች አሉ። በዋናው ቻይና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊደላቱ ሲቀለሉ በሩ ወጥቶ መቀርቀሪያውና እጆቹ ብቻ ቀርተዋል። በታይዋንና በሆንግ ኮንግ ግን በሩ ዛሬም ይጻፋል።

ካይ የሚሸፍናቸው ነገሮች

ካይ በቻይንኛ ተዘግቶ የነበረን ነገር ከመክፈት አልፎ፣ ቆሞ የነበረ ነገር ሥራ መጀመሩን ወይም ተይዞ የነበረ ነገር መለቀቁን ይገልጻል። ካይ መን «በር ከፈተ» ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከእንግሊዝኛው ጋር ችግር የለም። ካይ ደንግ ግን «መብራት አበራ»፣ ካይ ቸ «መኪና ነዳ»፣ ካይ ኹዋ «አበበ»፣ ካይ ኹይ «ስብሰባ አደረገ»፣ ካይ ያው «መድኃኒት አዘዘ»፣ ካይ ዋንሺያው «ቀለደ» ማለት ነው። ውሃ ሲፈላ «ካይ» ይባላል፤ ደስ ያለው ሰውም ካይ ሺን ነው፣ ቃል በቃል ሲወሰድ «ልቡ የተከፈተ»። ፒስታቺዮ የተባለው ለውዝ ቅርፊቱ በራሱ ስለሚፈነጠቅ ካይ ሺን ጉዎ፣ «የደስታ ፍሬ»፣ ተብሏል።

ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ በኦፕን አይነገሩም። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግስ አለው፤ ተማሪውም አንዱን ቃል በስምንትና በአሥር ቃላት መተካት ይኖርበታል። ሐኪሙ መድኃኒት «ኦፕን» አደረገልኝ ቢል እንግሊዛዊው ሰሚ የሚገባው ሐኪሙ የጠርሙሱን ክዳን እንደከፈተለት ነው። ለዚህ ትክክለኛው ግስ ፕሪስክራይብ ነው። ደረሰኝም በቻይንኛ ይከፈታል (ካይ ፋፒያው)፣ በእንግሊዝኛ ይጻፋል ወይም ይሰጣል፣ በአማርኛ ደግሞ ይቆረጣል።

ስብሰባን በተመለከተ ስህተቱ ረቀቅ ያለ ነው። አንድ የቻይና ድርጅት ሠራተኛ አለቃው ስብሰባ ላይ መሆኑን ለመግለጽ «ሂ ኢዝ ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ» ቢል ዐረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈጽሞ አልተሳሳተም። የሚያስተላልፈው መልእክት ግን አለቃው በዚያች ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር እያደረገ ነው የሚል ነው። ደዋዩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይደውላል፣ ስብሰባው ግን ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሚቲንግ» ቢባል ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የሦስቱ ቋንቋዎች መንገድ የሚገናኝበትም ጊዜ አለ። በቻይንኛ ካይ ኹዎ፣ በእንግሊዝኛ ኦፕን ፋየር፣ በአማርኛ «ተኩስ ከፈተ» ይባላል። የባንክ ሒሳብና ሱቅም በሦስቱም ይከፈታሉ።

ከፈላ ውሃ ጋር የተያያዘው ስህተት በአደባባይ የሚታይ በመሆኑ ታውቋል። በቻይና ባቡር ጣቢያዎች ተጓዦች ለሻይና ለፈጣን ፓስታ የፈላ ውሃ የሚቀዱባቸው ክፍሎች አሉ። የአንዳንዶቹ ስያሜ ቃል በቃል ተተርጉሞ «ኦፕን ዋተር ሩም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ኦፕን ዋተር በእንግሊዝኛ ከባሕር ዳርቻ የራቀ ሰፊ ውሃ ማለት ነው፤ ዋናተኞችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቃል ነው። ቻይና የአገልግሎት መስጫ ቦታዎችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚመለከት ብሔራዊ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ አውላለች።

መብራትን «መክፈት»

የቻይናውያን ተማሪዎች በጣም የታወቀው ስህተት «ኦፕን ዘ ላይት» ነው፤ ጥንዱም «ክሎዝ ዘ ላይት» ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ጓን ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ጓን በር መዝጋትንም መሣሪያ ማጥፋትንም ይገልጻል። ትክክለኛዎቹ የእንግሊዝኛ አባባሎች ተርን ኦን እና ተርን ኦፍ ናቸው።

ቻይንኛም ቢሆን መብራትን ሁልጊዜ ሲከፍት አልኖረም። የዘይት መብራት በነበረበት ዘመን ግሱ ዲየን ነበር፤ ዲየን ደንግ ማለት «መብራቱን ለኮሰ» ማለት ነው። ሻንግሃይ እ.ኤ.አ. በ1882 የኤሌክትሪክ መብራት አገኘች። የኤሌክትሪክ መብራት በእሳት የማይለኮስ፣ መሣሪያ ተነክቶ የሚሠራ ነገር በመሆኑ ቀስ በቀስ ካይ ደንግ የሚለው አነጋገር ቦታውን ያዘ። እንግሊዝኛ በበኩሉ ከቧንቧና ከጋዝ ወሰደ። ተርን «ማዞር» ማለት ሲሆን የውሃና የጋዝ መክፈቻዎች በእጅ ይዞሩ ነበር፤ ዛሬ የሚጫን እንጂ የሚዞር ነገር ባይኖርም አነጋገሩ ቀርቷል። አማርኛ ደግሞ ኩራዝ የሚበራበትን ግስ ሳይቀይር ለአምፖሉም ተጠቅሞበታል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ጉዳይ ከቻይናዊው ተማሪ ብዙም አይርቅም። መብራት ያበራል እንጂ አይከፍትም፤ ቴሌቪዥንን፣ ሬዲዮንና ዘፈንን ግን ይከፍታል። ስለዚህ «ኦፕን ዘ ቲቪ» የሚለው ስህተት ከቤጂንግ ተማሪም ከአዲስ አበባ ተማሪም ሊሰማ ይችላል። ሌሎችም አሉ፦ ግሪክኛ፣ ታይኛና የፊሊፒንስ ታጋሎግ መብራትን «ይከፍታሉ»፣ በካናዳ ኬቤክ የሚነገረው ፈረንሳይኛም መብራትን «ይዘጋል»። በሲንጋፖርና በማሌዥያ የሚነገረው እንግሊዝኛ ግሱን ጨርሶ በመተው «ኦን ዘ ላይት» የሚል አጭር መንገድ ፈጥሯል። ከዚህ ሁሉ አንጻር ሲታይ እንግዳ የሚመስለው ተርን ኦን የሚለው እንግሊዝኛ ራሱ ነው።

ለእንግሊዛዊ ጆሮ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ቃል በቃል ሲወሰድ የቴሌቪዥኑን የጀርባ ክዳን በካቻቢቴ ፈቶ ማንሣት ነው። በቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚረዳ ሰው አይኖርም፤ በጥገና ቤት ግን ይኖራል። ስልኩ እንዲበራለት የፈለገ ደንበኛ ለጠጋኙ «ኦፕን ዘ ፎን» ቢለው ስልኩ ተፈታቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ብዙ መምህራን ውስጥ ያለው ነገር ኦፕን፣ ሥራ የሚጀምር ነገር ተርን ኦን ይሁን ይላሉ። ደንቡ ለሳጥን፣ ለመጽሐፍ፣ ለአየር ማራገቢያና ለምድጃ ይሠራል። ለኮምፒውተር ፋይልና ለስልክ መተግበሪያ ግን አይሠራም። መተግበሪያ ሥራ የሚጀምር ነገር ቢሆንም፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ መስኮት ስለተቆጠረ በእንግሊዝኛ ኦፕን ይደረጋል። ብሉቱዝ ደግሞ መስኮት ስለሌለው ተርን ኦን ነው። ቧንቧ በሁለቱም ይነገራል።

ክፍት፣ የተከፈተ፣ ቅርብ

ኦፕን ሌላው የሚያስቸግረው በሰዋስው ነው። ማንዳሪን ግሶችን በጊዜ አያረባም፤ ድርጊቱ መፈጸሙ ወይም ሁኔታው መቀጠሉ የሚታወቀው ከግሱ በኋላ በሚጨመሩ ትንንሽ ቃላት ነው። ካይ ለ «ተከፈተ»፣ ካይ ጀ «ክፍት ነው» ይሆናል። ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ሲመጣ ለድርጊቱ ኦፕንድ የሚል ቅርጽ እንዳለ ይማርና፣ በሩ ክፍት መሆኑን ለመግለጽም «ዘ ዶር ኢዝ ኦፕንድ» ይላል። ይህ አነጋገር አንድ ሰው በሩን መክፈቱን እንጂ በሩ በዚያ ሁኔታ ላይ መሆኑን አያሳይም። ለሁኔታው ቅጽሉ ብቻውን ይበቃል፦ «ዘ ዶር ኢዝ ኦፕን»። አማርኛ ተናጋሪም እዚህ ላይ ሊስት ይችላል፤ «ባንኩ ተከፍቷል» ሲባል ድርጊቱንም ሁኔታውንም በአንድ ላይ ይይዛልና።

ችግሩን የሚያባብሰው የኦፕን ተቃራኒ በተመሳሳይ መንገድ አለመሠራቱ ነው። ኦፕን ያለ ምንም ጭማሪ ቅጽል ሲሆን፣ «ዝግ» ለማለት ግን ክሎዝ የሚለው ግስ መጨረሻው ላይ ድምፅ ጨምሮ ክሎዝድ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የሱቅ በር ላይ የሚንጠለጠለው ሰሌዳ ይህን ያሳያል፤ በአንዱ ገጽ ኦፕን፣ በሌላው ክሎዝድ።

ተማሪው ደንቡን ቢያውቅም ምላሱ አይታዘዘውም። በማንዳሪን አንድ ክፍለ ቃል የሚያልቀው በአናባቢ ወይም በጣት በሚቆጠሩ እንደ «ን» ባሉ ድምፆች ነው፤ በ«ዝድ» የሚያልቅ ቃል የለም። ክሎዝድ ሲነገር የመጨረሻው ድምፅ ይጠፋል። እንደ እንግሊዝኛው «ዝ» ያለ ነዛሪ ድምፅም በማንዳሪን ስለሌለ የቀረው ቃል ወደ ክሎስ ይጠጋል። ክሎስ ደግሞ «ቅርብ» ማለት ነው። ባንኩ ዝግ ነው ሊል የተነሣ ሰው ባንኩ ቅርብ ነው ብሎ ያርፋል፤ ጠያቂውም አመስግኖ ወደተዘጋው ባንክ ይሄዳል።

ክፍት ሰው፣ ክፍት አገር

ካይፋንግ ከካይ የተሠራ ቃል ሲሆን በመዝገበ ቃላት ከኦፕን ጋር ይቀመጣል። ሰው ላይ ሲነገር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በእንግሊዝኛ ኦፕን የተባለ ሰው የሚያስበውን የማይደብቅ፣ አማርኛው «ግልጽ ሰው» የሚለው ዓይነት ነው። ካይፋንግ ስለ አንድ ሰው፣ በተለይም ስለ ሴት ሲነገር፣ በፍቅርና በጾታ ጉዳይ ልማድ የማይገድባት የሚል ስሜት ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት የውጭ አገር ሰው በቻይንኛ ሊያመሰግናት ፈልጎ ሊያስቀይማት፣ ቻይናዊው ተማሪም በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ምስጋና እንደ ነቀፌታ ሊቀበለው ይችላል።

ቃሉ በፖለቲካ ታሪክም ቦታ አለው። የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ባደረገው ጉባኤ የተጀመረውና ከዴንግ ሺያዎፒንግ ስም ጋር የሚያያዘው አቅጣጫ ጋይገ ካይፋንግ ይባላል። በእንግሊዝኛ የተለመደው ትርጉሙ ሪፎርም ኤንድ ኦፕኒንግ አፕ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች አንዳንዴ «ኦፕን ዶር» ይሉታል፣ ይህ ግን የቆየ ቁስል የሚነካ ስም ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ሄይ እ.ኤ.አ. በ1899 ለኃያላኑ መንግሥታት በላኩት ማስታወሻ የቻይና ገበያ ለሁሉም እኩል ክፍት እንዲሆን ጠይቀው ነበር። ፖሊሲው «ክፍት በር» ሲባል ቻይና ራሷ አልተጠየቀችም። ስለዚህ በኦፕን ዶር እና በኦፕኒንግ አፕ መካከል ያለው ልዩነት በሩን ማን ከፈተው የሚል ጥያቄ ነው፤ የቻይና ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን ማምታታት የለበትም።

በኤሌክትሪክ ሥራ

ውሃና ጋዝ በሚተላለፍባቸው ቧንቧዎች ላይ ሦስቱም ቋንቋዎች ይስማማሉ። ቫልቩ ሲከፈት ይፈሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። በኤሌክትሪክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሙያው እንግሊዝኛ «ኦፕን ዘ ስዊች» ማለት የማብሪያ ማጥፊያውን ሁለት ብረቶች አለያይቶ ኃይሉን ማቋረጥ ነው። «ክሎዝ ዘ ስዊች» ደግሞ ብረቶቹን አገናኝቶ ኃይል መልቀቅ ነው። ምክንያቱ ቃሉ የሚገልጸው በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በመሆኑ ነው። ለመርከብ ማለፊያ ተብሎ ወደ ላይ የሚነሣ ድልድይ ሲከፈት መኪና እንደማያልፍበት ሁሉ፣ የተከፈተ መስመርም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

በዕለታዊ ቻይንኛ የማብሪያ ማጥፊያው ስም ራሱ ካይጓን፣ «ክፈት ዝጋ»፣ ነው፤ እዚያም ካይ ማብራት፣ ጓን ማጥፋት ነው። ዳካይ ካይጓን ሲባል ኃይሉ ይለቀቃል። ይህን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው «ኦፕን ዘ ስዊች» ይላል፤ የእንግሊዝኛው ባለሙያ የሚሰማው ኃይሉን አቋርጥ የሚል ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ የባሰ ይሆናል። መስመሩ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዳይያዝ «ኦፕን ዘ ብሬከር» የሚል ትእዛዝ ሲተላለፍ፣ ሰሚው በዕለታዊው ካይ ከተረጎመው ብሬከሩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

የቻይና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በራሳቸው ቋንቋ ከዚህ ወጥመድ ነፃ ናቸው። በፊዚክስ መማሪያዎች ማብሪያ ማጥፊያን ማለያየት ዷንካይ፣ ማገናኘት ቢኸ ይባላል። በኃይል ማከፋፈያዎች ደግሞ ኃይል መልቀቅ ኸ ጃ፣ ማቋረጥ ላ ጃ ነው፤ ላ «ጎተተ»፣ ኸ «ገጠመ» ማለት ነው። እነዚህን የሙያ ቃላት የሚያውቅ መሐንዲስ በእንግሊዝኛውም ግራ አይጋባም። የሚሳሳተው ቋንቋውን ከትምህርት ቤት የቃላት ዝርዝር፣ ሥራውን ከልምድ የተማረው ሰው ነው። ቻይንኛም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው፦ የተቋረጠ መስመር ዷንሉ ይባላል፣ ሾርትም ዷንሉ ይባላል። በፊደልና በድምፅ ቅላጼ ይለያያሉ፣ ቅላጼ በማይጽፍ በአማርኛ ፊደል ግን አንድ ናቸው። ብልሽቶቹ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ በአንዱ ኤሌክትሪክ ጨርሶ አያልፍም፣ በሌላው ከልክ በላይ ያልፋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በቻይና ኩባንያዎች የተገነቡ ሲሆን ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ባሉ ሥራዎች ላይ ቻይናዊና ኢትዮጵያዊ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ለሁለቱም የውጭ በሆነው እንግሊዝኛ ነው። አንዱ ካይ እያሰበ፣ ሌላው «ክፈት» እያሰበ ኦፕን ሲባባሉ መሣሪያውን አስነሣ ለማለት እንደሆነ በቀላሉ ይግባባሉ። የመግባባታቸው ምቾት አሳሳች ነው፤ በመሣሪያው ላይ የተለጠፈው የእንግሊዝኛ መመሪያ ኦፕን ሲል አጥፋ ማለቱ ነው።

በዚህ ምክንያት በኃይል መስመር ላይ ለሚሠሩ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ኦፕንን እና ክሎዝን በቃል ትእዛዝ ውስጥ ባይጠቀሙ ይመረጣል። ኢነርጃይዝ «ኃይል ልቀቅ»፣ ዲኢነርጃይዝ «ኃይል አቋርጥ» ማለት ሲሆን ሁለቱም በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ሌላ ትርጉም የላቸውም። ስዊች ኦን እና ስዊች ኦፍም ይሠራሉ። በሥዕላዊ ንድፍና በመሣሪያ ላይ የተጻፈው ኦፕን ግን ስለማይቀር፣ ትርጉሙ ከመብራት ጋር ሳይሆን ከብረቶቹ ክፍተት ጋር ተያይዞ ሊጠና ይገባል።

በትምህርት ቤት

በቻይና እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ 3ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ የትምህርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2001 መመሪያ አውጥቷል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የቻይንኛ ፍቺ ጋር ተጽፎ በቃል የሚጠናበት ዘዴ ለፈተና አመቺ በመሆኑ ሰፊ ነው። ለስሞች ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው። እንደ ኦፕን ላሉ በየቀኑ ለሚነገሩ ግሶች ግን ፍቺውን ብቻ መያዝ ከቃሉ ግማሹን መያዝ ነው። ቃሉን ከተከታዩ ስም ጋር አጣምሮ የሚያጠና ተማሪ፣ ማለትም ኦፕን ኤ ዊንዶው፣ ተርን ኦን ዘ ላይት፣ ድራይቭ ኤ ካር፣ ቦይል ዋተር እያለ የሚይዝ፣ ካይን ከነጭራሹ ሳያስታውስ ወደ ትክክለኛው ግስ ይደርሳል። አማርኛ ተናጋሪዎች ቻይንኛ ሲማሩ ደግሞ ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ማብራት፣ መንዳት፣ ማፍላትና ማዘዝ የሚሉትን ግሶች ሁሉ ወደ አንዱ ካይ መሰብሰብ ይኖርባቸዋል።